ውኃው ሲሸሽ የማይከተል ድንበር፦ ስለ ጣና ዳርቻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚገኙ ወረዳዎች አስተዳደሮች፣ የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ለተሰጣቸው መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ለሐይቁ ዳርቻ ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የጣና ሐይቅ ዳርቻ ድንበር በመሬት ላይ ተለይቶ እንዲታወቅ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና ወገኖቼ፤

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በዓል ከእናቴ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን፣ በእናቴ ታናሽ እህት ቤት ሁለት ሌሊት አድረን ወደ ባሕር ዳር ከተመለስን ሳምንት ሆነን። ከዚያ ጉዞ ይዤው የተመለስሁት ተስፋ በቤቴ ውስጥ ተወርቶ ብቻ እንዲቀር ስላልፈለግሁ፣ ደግሞም ተስፋው ከእናንተ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በግልጽ ልጽፍላችሁ ወሰንሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ሙያዬ የመሬት ቅየሳ ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን የነበረው ሁኔታ ቤተሰብን ይዞ ከከተማ መውጣትን ከባድ ውሳኔ አድርጎት ስለቆየ፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጄ ሐይቁን ከተወለደ ጀምሮ ከዳር ቆሞ ያየዋል እንጂ አንድም ቀን ተሻግሮት አያውቅም ነበር። እናቴም የተወለደችበትን ቀዬ ሳታይ ዓመታት አልፈዋል። «ዘንድሮስ የኪዳነ ምሕረትን ደጅ ሳልሳለም አልቀርም» ባለች ጊዜ ከሁላችንም አፍ የወጣው ቃል እሺ የሚል ብቻ ነበር። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ፣ ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ ከወደቡ ተነሣን፤ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀውን መንገድ እናቴ የልጅ ልጆቿን በግራና በቀኝ አስቀምጣ፣ እያንዳንዱን ደሴት በስሙ እየጠራች አሻገረቻቸው። ክብራን ገብርኤልን፣ እንጦንስን፣ ከሩቅ ደግሞ እንደ ጭጋግ የሚታየውን የደቅን አቅጣጫ አሳየቻቸው። ልጄ ከዚያች ጠዋት በኋላ ሐይቁን «ጣና» ብሎ መጥራት ትቶ «የአያቴ መንገድ» ይለዋል።

በዓሉን በዑራ ኪዳነ ምሕረት አከበርን። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳውን ስለ ሞሉት ሥዕሎችም ብዙ ሰው ስለ ጻፈ እኔ የምጨምረው የለኝም። ልቤን የያዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው የእግር መንገድ ነው። ከወደቡ ጀምሮ ግራና ቀኙ ቡናና ጌሾ ነው፤ በላይ ደግሞ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ጥላውን ዘርግቶ ፀሐይ መሬት የምትነካው በቀዳዳ ብቻ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐይቁ ዳር የሚገኘውን ምድር አይቶ ለመጣ ሰው፣ ይህ ሁሉ ደን እንዴት እስካሁን ቆመ የሚል ጥያቄ ሳይነሣበት አይቀርም።

ጥያቄውን ያነሣችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ናት። ማታ አክስቴ ከራሷ ጓሮ የለቀመችውን ቡና እየቆላች፣ ዐቢይ ጾም ስለ ገባ ከሽሮው ጋር የቀረበውን ድፎ ዳቦ እየቆረስን ሳለ፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዛፍ ማነው የሚጠብቀው? ዘበኛ አለው?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ የቡናውን መቁያ ከእሳቱ አንሥታ ትንሽ አሰበች፤ ጥያቄው አዲስ እንደሆነባት ከፊቷ ያስታውቃል። «እዚህ በሬ ጠምዶ የሚያርስ የለም» አለቻት። «ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ክልክል ነው።» ልጄ አልተመለሰችም፤ «ግን ማን ነው የሚከለክለው?» አለች። አክስቴም «ሁሉም ያውቀዋላ» ብላ ቆሎውን ለልጁ አቀበለች።

ይህች «ሁሉም ያውቀዋላ» የምትል መልስ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣችኝ። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በበሬ የማይታረስበት ሥርዓት መቶ ዓመታትን ተሻግሮ የመጣው ትእዛዙ አጭርና ግልጽ በመሆኑ፣ ክልክሉ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሆነ ሕፃኑም ሽማግሌውም በማወቁ፣ ሰውም በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ኑሮውን የሚገፋበት መንገድ ስላለው ነው። በእርግጥ የዘጌም ደን ከሥጋት ነጻ አይደለም፤ በመንገዳችን ላይ ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፉ አይተናል፤ የቡና ዋጋ ሲወርድ ወይም ምርቱ ሲጠፋ ደሃው መጀመሪያ የሚያየው ዛፉን እንደሆነ አክስቴም አልሸሸገችንም። ቢሆንም ደኑ ዛሬም አለ። ከእሱ አጠገብ፣ በዚያው ሐይቅ ዳር፣ ዘበኛም አዋጅም ዘመቻም ያልጠፋለት የውኃው ዳርቻ ግን እያየነው አለቀ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ የዘጌን ክልክል ሁሉም ያውቀዋል፣ የሐይቁን ዳርቻ ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ የለም።

ይህን ስል ሌላውን ለመውቀስ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ፣ በራሴ እጅ የሆነውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር አንድ ሰው ከውኃው ዳር የሚገኝ ቦታ ለክቼ ችካል እንድተክልለት ጠራኝ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውኃው ከቆምንበት ሩቅ ነው፤ ወረቀቱም የተሟላ ነበር። አራት የብረት ችካል መትቼ፣ ሥዕሉን ሠርቼ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ሄድሁ። በመስከረም በዚያ በኩል ሳልፍ ከአራቱ ሦስቱን ውኃ ውስጥ አገኘኋቸው። አንደኛው ጫፍ ላይ ወፍ ቆሞበት ነበር። የለካሁት መሬት ሳይሆን የሐይቁን ወለል እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ነገሩ ከነከነኝና የሐይቁ ድንበር በሥራ ላይ የሚለካው ከየት እንደሆነ ለማወቅ ስማቸውን መጥራት ወደማያስፈልገኝ መሥሪያ ቤቶች ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ ባለሙያ በዕለቱ ውኃው ካለበት ነው አለኝ፤ ሁለተኛው ካርታው ላይ አለ፣ ካርታው ግን እኛ ጋ የለም አለኝ፤ ሦስተኛው ይህ የእኛ ሥራ አይደለም ብሎ ወደ አንደኛው መለሰኝ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ። መልስ ያልነበራቸው ድንበሩ መሬት ላይ ስላልነበረ ነው።

ለዚህ የሐይቁ ተፈጥሮ የራሱ ድርሻ አለው። ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ከዚህ ስፋት ጋር ሲተያይ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ዳርቻው፣ በተለይም በፎገራና በደምቢያ በኩል፣ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ስለሆነ፣ ውኃው በከፍታ አንድ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር በአግድም ብዙ ርቀት ይሸሻል፤ በሸሸበት ቦታ ላይ የሚቀረው ጥቁርና ለም ጭቃ ደግሞ መሬት ለጠበበው ገበሬ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም መወሰን ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎድሎ መርከቦች ለወራት እንደቆሙ፣ ብዙ ደንገል እንደጠፋና ከውኃ በወጣው የሐይቁ ወለል ላይ እርሻ እንደተስፋፋ የዕድሜ እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ። የሚንቀሳቀስ ውኃ የማይንቀሳቀስ ድንበር ያስፈልገዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ተስፋዬ ወደ መጣበት ቦታ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ የአክስቴ ባል አንድ ዘመዳቸውን እንድንጠይቅ አደራ ስላሉን፣ ጀልባውን ከባሕረ ገብ መሬቱ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የገበሬዎች ዳርቻ አስጠጋን። የማሳው ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጀልባው ወደ እሳቸው ማሳ ሲጠጋ መጀመሪያ የታየን መሬት ሳይሆን ደንገል ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ ያደገ፣ ጫፉ እንደ ጭራ የተበተነ፣ ነፋስ ሲነካው ዝናብ የሚመስል ድምፅ የሚያሰማ ጥቅጥቅ ያለ ደንገል። የጀልባው ካፒቴን በመካከሉ በተተወች ጠባብ መንገድ አስገባን። ከደንገሉ ወዲህ ቄጠማ አለ፤ ከቄጠማው ወዲህ ደግሞ በኖራ የተቀቡ ነጫጭ ድንጋዮች በተርታ ተደርድረዋል። እርሻው የሚጀምረው ከድንጋዮቹ በኋላ ነው።

«አያ፣ ይህን ማን ተከለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነኝ» አሉኝ። «ድሮ ደንገሉን ያቃጠልሁትም እኔ ነኝ። ውኃው ሲሸሽ እየተከተልሁ አርስ ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት በቆሎው ጥሩ ሰጠኝ። ኋላ ማዕበሉ የሚመልሰው አጥቶ መሬቴን ይንደው ጀመር፤ እምቦጭ የሚሉት አረምም ከልካይ አጥቶ እስከ ማሳዬ ገባ። እኔ ሐይቁን የገፋሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱ ነው ወደ እኔ የመጣ።» ከዚያም ከአራት ዓመት በፊት በሰኔ የደንገል ሥር ከሌላ ቦታ በታንኳ አምጥተው እንደተከሉ፣ መስከረም ላይ ሐይቁ ሲሞላ ውኃው የደረሰበትን ቦታ ጠብቀው ድንጋይ እንደደረደሩ፣ የመጀመሪያው ዓመት ከብት ስለበላው እንደ ገና እንደተከሉ አጫወቱን። ዛሬ ደንገሉን እያፈራረቁ ያጭዳሉ፤ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች መጥተው ይገዟቸዋል፤ ቄጠማውን ደግሞ ለበዓል ገበያ ያወጡታል። «በቆሎው ይሻል ነበር እንዴ?» ብዬ ስጠይቃቸው እውነቱን ነገሩኝ፤ «በአንድ ዓመት ሒሳብ በቆሎው ይሻላል። ግን በቆሎው መሬቱን ይዞት ይሄዳል።» በመጨረሻም ወደ ውኃው እያመለከቱ ያሉት ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «አሁን ቢሸሽም አልከተለውም።»

ልጄ የድንጋዮቹን ተርታ ተከትላ ሄዳ ተመለሰች። ድንጋዮቹ በሰውዬው ማሳ አላበቁም፤ በግራም በቀኝም ያሉ ጎረቤቶቻቸው አይተው ቀጥለውታል። በደብተሯ ላይ «31» ብላ ጻፈች። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማንም አበል አልከፈላቸውም። ሦስት ገበሬዎች ተነጋግረው የሐይቁን ድንበር አወቁት። ሃያ ዓመት ሙሉ በመሣሪያ ስለካ ከሠራሁት ሥራ ይልቅ ያቺ በኖራ የተቀባች መስመር ትክክለኛ ሆና ታየችኝ።

ደንገሉ ለሰውዬው ማሳ ብቻ ጠባቂ አይደለም። ከእርሻው በዝናብ ታጥቦ የሚወርደውን አፈርና ማዳበሪያ ውኃው ሳይገባ የሚያስቀረው፣ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መኖሩ የታወቀውን እምቦጭ የሚያፋፋውን ምግብ የሚቀንሰው ይኸው በዳር ያለው ዕፅዋት ነው። እምቦጭን በእጃችን ለማውጣት ከየአካባቢው ወጥተን በጭቃ ውስጥ የቆምንባቸውን ቀናት የምንረሳ አይደለንም፤ ያ ድካም የሚያስከብር ድካም ነው። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀብሮ የሚቆይ ስለሆነ፣ አፈርና ማዳበሪያ ወደ ውኃው መውረዱ ካልተገታ፣ በዘመቻ የነቀልነውን በየዓመቱ እንደ ገና ስንነቅል እንኖራለን። ደንገሉ ለዓሣውም መጠለያ ነው። በጣና ውስጥ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚላቸው ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በትኖ የሚጠብቃቸው ሰው ግን የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው። በድንበር ጉዳይ የምጠይቀው ለወንዞቹ አፍም እንዲሆን የምፈልገው ስለዚህ ነው።

ስለ ታንኳም አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ልጆቻችን የባሕር ዳርን ምስል ሲሥሉ ታንኳ ሳይሥሉ አይቀሩም፤ በየሱቁም ትንንሽ የደንገል ታንኳ ለእንግዳ ይሸጣል። ታንኳን በመሥራት ጥበብ ከሁሉ በፊት ስማቸው የሚነሣው የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ግን ደንገል ለማግኘት ከበፊቱ ይልቅ ሩቅ መቅዘፍ ግድ ሆኖባቸዋል። የሐይቁ ዳርቻ ጥበቃ በታቀደ ቁጥር መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው፣ ደንገል በየት በየት እንደነበረ፣ በየትኛው ጭቃ ላይ እንደሚይዝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ በዕቅድ ስብሰባዎች ላይ ወንበር ሲዘረጋ ለእነሱም እንዲዘረጋ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ባዮስፌር ሪዘርቮች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በጥንቃቄ የሚሠራበት ዙሪያ፣ ሰው እንደ ልማዱ የሚኖርበትና የሚያለማበት ሰፊ ክልል ተብሎ እንደሚከፈል ይታወቃል። ክፍፍሉ በካርታ ላይ መኖሩ መልካም ነው። ገበሬው ግን በካርታ ላይ አያርስም። እኔ በጀልባ ባለፍሁበት ዳርቻ ሁሉ ከእነዚያ 31 ድንጋዮች በቀር አንድም ምልክት አላየሁም። ስለዚህ የምጠይቀው በአንድ መስከረም፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ በየቀበሌው ሽማግሌዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ታንኳ ሠሪዎችና ባለ ይዞታዎች ባሉበት ውኃው የደረሰበት ቦታ እንዲለይ፣ ከዚያ መስመር ወደ ደረቁ ሊጨመር የሚገባው ስፋት በባለሙያ እንዲወሰን፣ ድንበሩም ማንበብ የማይችል ሰው ጭምር በሚያየው በድንጋይ እንዲደረደር ነው። ስፋቱ ስንት ሜትር ይሁን የሚለውን እኔ አልወስንም፤ የምለው አንድ ይሁን፣ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ በየዓመቱም አይለዋወጥ ነው። ከተደረደረ በኋላ በቅዳሴ ማብቂያ በአውደ ምሕረት፣ በመስጊድ፣ በዕድርና በገበያ ይነገር። በወረቀት ላይ የሚቀር ከሆነ ባይሠራ ይሻላል፤ ያኔ ሕዝቡ ድንበር የሚባለውን ቃል ራሱን መናቅ ይለምዳል።

ከድንጋዩ ወዲያ ያለውን ስፍራ ለተወው ገበሬ ደግሞ አጭዶ የመሸጥ መብቱ በጽሑፍ ይሰጠው። ያገኘኋቸው ሰው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፤ ቀያሽ መሆኔን ሲሰሙ እጄን ይዘው «ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ‹ይህ ባዶ መሬት ነው› ብሎ ደንገሌን ቢያርሰው የማሳየው ወረቀት አለ ወይ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የማሳቸው ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አላቸው፤ የተዉት መሬት ግን ስለተዉት ብቻ የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። አራት ዓመት የደከሙበት ደንገል በአንድ ቀን ሊቃጠል ይችላል የሚለው ሥጋት በእንግድነታችን ያጠጡንን ጠላ እንኳ አላጣጥም አለኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ የምትሰጡት መልስ፣ ሌሎች ገበሬዎች ድንጋዩን ለመቀጠል ወይም ለመተው የሚወስኑበት መልስ ነው።

ገበሬውን ከመጠየቃችን በፊት ግን ከከተማችን እንጀምር። አጥሩ ውኃ ውስጥ የገባ ግቢ፣ ፍሳሹ በቱቦ በቀጥታ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቤት እያለን፣ በበቆሎ ማሳ ላይ ለመፍረድ ድፍረት ሊኖረን አይገባም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ የዓባይ ድልድይ የቆመባት ከተማ፣ በሐይቋ ዳር ድንጋይ ለመደርደር አቅም ያንሳታል ብዬ አላምንም። ከዘምባባዎቹ ጥላ ሥር ሰው በእግሩ የሚዘልቅበት፣ እናት ልጇን ይዛ የምትቀመጥበት፣ ማንም የማያጥረው ዳርቻ በከተማው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከለል። በዚያም ውስጥ ቢያንስ በአንድ ቦታ ደንገሉ ተመልሶ ይተከል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ሄደው ያዩት ዘንድ።

ከዘጌ በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ በከተማው ዳርቻ ሄድሁ። ልጄ ወደ ውኃው ጠርዝ እየወረደች በሣሩ ውስጥ ድንጋይ ስትፈልግ፣ ትንሹም ተከትሏት እያንዳንዱን ነጭ ነገር «ይኸው!» እያለ ሲያነሣ ቆዩ። አንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ አንዱ የተሰበረ ሸክላ። ወደ እኔ ተመልሳ «አባዬ፣ የእኛስ ከየት ነው የሚጀምረው?» ስትለኝ «ገና አልተለየም» አልኋት። «ገና» ያልሁት ልጅ ለማጽናናት አይደለም፤ እንደሚለይ አምኜ ነው። ያመንሁትም ያንን ደንገል በዓይኔ ስላየሁ፣ አንድ ጊዜ ያቃጠለው ሰው መልሶ ሲተክለው ጣና እንዳልተቀየመው ስለተረዳሁ ነው።

ሥራውን ለመጀመር ለሚነሣ ማንኛውም ቀበሌ ቅዳሜና እሑድን ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ የመለኪያ መሣሪያዬንም ይዤ እመጣለሁ። በሙያው ያሉ ጓደኞቼን አነጋግሬ ሁለቱ አብረውኝ እንደሚሆኑ ቃል ገብተውልኛል። ደንገል የሚያቀርቡልንና አተካከሉን የሚያሳዩን ሰው ደግሞ የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ለመስቀል እናቴን ይዘን ወደ አክስቴ ቤት እንመለሳለን። ያን ጊዜ ሐይቁ ሞልቶ ውኃው እስከ ድንጋዮቹ ይደርሳል። ልጄ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች፤ ትቆጥራቸዋለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪና የመሬት ቅየሳ ባለሙያ